1 ሜትር ከ51 ለሆነች ሴት ማውንቴን ሳይክል መምረጥ፦ ከደሴ አንድ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

ቁመታቸው አጠር ያሉ ሴቶች ማውንቴን ሳይክል ልንገዛ ነው ሲሉ የሚሰጣቸው ምክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ቀላል ፈልጊ» ይባላሉ፣ ካልሆነም «ለአንቺማ የልጅ ሳይክል ይበቃሻል»። ሁለቱም ምክሮች ከበጎ ሐሳብ የሚመጡ ናቸው፣ ደሴ ላይ ግን ብር ያስበላሉ። ይህ ጉዳይ ያንን በደንብ ስለሚያሳይ ከነዝርዝሩ አስቀምጠዋለሁ። እኔ ጋራዥ የለኝም። ሳይክል ለመግዛትና ለማስተካከል የሚቸገሩ የማውቃቸውን ሰዎች አግዛለሁ፣ እዚህም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬያት ነበርኩ። ስሟንና የምትሠራበትን ቦታ አልጠቅስም፣ ልኮቹን ሁሉ ግን በእሷ ፈቃድ አስፍሬያለሁ።

የባለጉዳይዋ ሁኔታ

በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች የቢሮ ሠራተኛ ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ51፣ ክብደቷ 48 ኪሎ። ቤቷ ደሴ ውስጥ ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው በኩል ነው፤ ጠዋት ወደ ፒያሳ ስትወርድ ቁልቁለት፣ ማታ ስትመለስ ዳገት። የመጨረሻዋ መንገድ ኮብልስቶን ናት፣ ከዚያ ቀጥሎ ወደ ግቢው የሚያስገባ የድንጋይ ደረጃ አለ፣ ሳይክሉ እዚያ ላይ በእጅ ተነሥቶ ነው የሚወጣው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ትሄዳለች፣ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ አስጭና። ረጅም ቀሚስ ትለብሳለች፣ ከሥር ሱሪ።

ደሴን የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ለምን ዘረዘርከው ይል ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ስንፍና ሆኖ አይደለም። ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሜዳም ስለሆነች መንዳቱ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሳይክል ለሁለቱም መሆን ነበረበት።

ችግሩ

እስከዚያ ድረስ የምትነዳው የወንድሟን ሳይክል ነበር። ጎማው 26 ኢንች፣ ፍሬሙ (የሳይክሉ አካል) 18 ኢንች፣ የብረት፣ ከፊት ሞላ ያለው። ዳገት ላይ ትወርድና ትገፋዋለች። ወገቧን ያማታል፣ መዳፏ ይደነዝዛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ስትቆም ነው። ባጃጅ ድንገት ፊቷ ሲቆም እግሯ መሬት አይደርስም፣ ሳይክሉን ወደ ጎን አዘንብላ ነው የምትቆመው፣ ኮብልስቶን ላይ እንዲህ ስትቆም ተንሸራትታ ወድቃ ጉልበቷን ተልጣለች።

የእሷ መደምደሚያ «ሳይክሉ ከበደኝ» ነበር። ስለዚህ የጠየቀችኝ ትንሽና ቀለል ያለች ማውንቴን እንዳገኝላት ነው። እህል መሸጫ ቤት ባለው ተንጠልጣይ ሚዛን ስንሰቅለው 16.9 ኪሎ መዘነ። እውነትም ከባድ ነው፣ የራሷን ክብደት አንድ ሦስተኛ ያልፋል። ያው ሳይክል ለ80 ኪሎ ሰው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ትናንሽ ሰዎች ስለ ክብደት ሲያማርሩ ማጋነን የሚመስለው ሰው ይህን ስሌት አንዴ ቢያየው ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ልክ መውሰድ

ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ልኳን ወሰድን። ዋናው የውስጥ እግር ልክ ነው። በባዶ እግር ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መቆም፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ እግር መሃል አስገብቶ ኮርቻ ላይ የተቀመጡ ያህል እስኪነካ ወደ ላይ መግፋት፣ ከዚያ ከመሬት እስከ መጽሐፉ ጫፍ በሜትር መለካት። እህቷ ለካቻት፦ 68 ሴንቲ።

ከዚያ የወንድሟን ሳይክል የላይኛውን አግዳሚ፣ ማለትም ከኮርቻው ሥር እስከ መሪው የሚዘረጋውን የፍሬም ብረት፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለካን። 77 ሴንቲ። ጫማ 2 ሴንቲ ቢጨምርላት እንኳ አግዳሚው ከእሷ 7 ሴንቲ ይበልጣል። በማውንቴን ሳይክል ሁለት እግር መሬት ላይ አድርገው ሲቆሙ በአግዳሚውና በሰውነት መካከል 5 ሴንቲ ያህል ክፍተት ቢኖር ይመረጣል። እሷ ጋ ክፍተት የሚባል ነገር የለም። መውደቋ የችሎታ ጉዳይ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባት።

ሱቅ ውስጥ የሆነው

ሻጮቹ ትሁት ነበሩ፣ ይህን መናገር አለብኝ። ነገር ግን አንዱም የውስጥ እግሯን ልክ አልጠየቀም። አንደኛው ትልቅ ፍሬም አምጥቶ «እህቴ፣ ኮርቻውን ዝቅ እናደርግልሻለን፣ ይበቃሻል» አላት። ኮርቻ ዝቅ ሲል አግዳሚው ዝቅ አይልም፤ መሪውም ያን ያህል ወደ እሷ አይቀርብም። ኮርቻ ዝቅ ማለት እግሯ ፔዳል ላይ ታጥፎ እንዲቀር ብቻ ነው የሚያደርገው፣ ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበት የሚገድለው ይኸው ነው።

በቁም ነገር ያየናቸው ሦስት ነበሩ።

የመጀመሪያው ባለ 24 ጎማ የልጅ ሳይክል። አግዳሚው ችግር የለበትም፣ ስታየው ዓይኗ አረፈበት። ሲመዘን ግን 14.2 ኪሎ ሆነ፤ ትንሽ ስለሆነ ቀላል ይሆናል ያለ ማን ነው? ብዙ የልጅ ሳይክል ርካሽ እንዲሆን በወፍራም ብረት ነው የሚሠራው። ኮርቻዋን በልኳ ስናወጣው የኮርቻው ዘንግ ላይ «ከዚህ አትለፍ» የሚለው መስመር ላይ ደረሰ፣ ስትታጠፍ ጉልበቷ መሪውን ሊነካ ይቃጣዋል። ከፊት ያለው ጥርስ፣ ማለትም ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ አንድ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ የለውም። ተውነው።

ሁለተኛው ባለ 27.5 ጎማ፣ ፍሬሙ ትንሽ። ጥሩ ሳይክል ነበር፣ ከሦስቱም ያማረው እሱ ነው። ነገር ግን ጎማው ትልቅ ስለሆነ ፊቱ ከፍ ይላል፤ ሌላም ነገር አለ፤ ጎማው ሲበሳ ወይም ሲያልቅ መለዋወጫውን እኛ አካባቢ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የ26 ጎማና ካላማዳሪያ ግን የትም ይገኛል። በየቀኑ ሥራ ለምትሄድበት ሳይክል ይህ ትልቅ ነጥብ ነው።

ሦስተኛው ያገለገለ፣ ባለ 26 ጎማ፣ ፍሬሙ አሉሚኒየም 14 ኢንች፣ አግዳሚው ወደ ኋላ ተንጋልሎ የወረደ። መሃሉ ላይ 64 ሴንቲ። በጫማዋ ስትቆም 6 ሴንቲ ተረፋት። ቀሚሷንም ሳትሰበስብ ትወጣለች ትወርዳለች። ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ማርሽ። ፍሬኑ ቪ ብሬክ፣ ማለትም የጎማውን ቸርኬ ከግራና ከቀኝ በላስቲክ የሚጨብጠው ዓይነት። 13.7 ኪሎ። እሱን ገዛች።

ስለ ፍሬኑ አንድ ነገር። ብዙ ሰው ዲስክ ፍሬን (ጎማው መሃል ላይ ያለ ክብ ብረት የሚጨብጠው) የሌለው ሳይክል ኋላ ቀር ይመስለዋል። ርካሽ ዲስክ ፍሬን ግን ክብደት ይጨምራል፣ ሚኒባስ ላይ ሲጫን ደግሞ ዲስኩ በቀላሉ ይጣመማል፣ ከዚያ እየታከከ መጮህ ነው። ለእሷ ዓይነት አጠቃቀም ደህና ቪ ብሬክ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ የፍሬን ላስቲኩን በጊዜው መቀየር እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ክረምት ላይ በጭቃ ቶሎ ስለሚበላ ዓይን ከእሱ ላይ አይነሳ።

ከተገዛ በኋላ የተስተካከለው

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ትምህርት የሚሆነው። አዲሱ ሳይክል ከድሮው 3.2 ኪሎ ይቀንሳል። እሷ በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ብሏት ነበር፣ ዳገቱ ላይ ግን አሁንም ትወርዳለች። «ቀላል ሆኖ ሳለ ለምን?» አለች፣ ተስፋ ቆርጣ።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ዳገት የምታወጣው ሳይክሉን ብቻ አይደለም፣ ራሷንና ቦርሳዋንም ጭምር ነው። 48 እና 16.9፣ ቦርሳው 3፤ በድሮው ሳይክል 68 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። ከዚህ 3.2 ኪሎ ስትቀንስ የቀለለላት ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። አሁን ማርሹን እንይ። ከፊት ትንሹ 24 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ነበር። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ሳይክሉ 1.76 ሜትር ይሄዳል። የኋላውን 34 ጥርስ ባለው ብንቀይረው ያው አንድ ዙር 1.45 ሜትር ብቻ ይወስዳታል፤ ፔዳሉ ከመቶ 17 በላይ ይቀልላታል፣ ሳይክሉ ግን ያው ሳይክል ነው። ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ እሱ እውነት ነው። ወርዶ ከመግፋት ግን ይፈጥናል።

ትንሹ ባለ 14፣ ትልቁ ባለ 34 ጥርስ የሆነ የኋላ ጥርስ ከአዲስ አበባ አስመጣን። መቀየሩ ቀላል አልነበረም። የድሮውን ለመፍታት ለእሱ ብቻ የተሠራ ጥርስ ያለው መፍቻ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ጋራዥ መፍቻው ስለሌለው በመዶሻና በመሮ ሊመታው ሲል እሷ ራሷ «አይ ጋሼ፣ ይቅር» ብላ ከእጁ ተቀበለችው። ልክ አድርጋለች። መፍቻው ያለው ሰው አግኝተን ያለ ትግል ተፈታ። ትልቁ ጥርስ ሲገባ ካቴናው አጠረ፣ በአዲስ ረዘም ያለ ካቴና ተቀየረ፣ ካቴናውን ከጥርስ ጥርስ የሚያዘዋውረው ክፍልም ጥርሱን እንዳይነካ ከኋላው ባለችው ትንሽ ብሎን ወደ ታች ተስተካከለ። ከዚህ በኋላ ከቤቷ ሥር ያለውን ዳገት ኮብልስቶኑ እስኪጀምር ድረስ ሳትወርድ መውጣት ጀመረች።

ሌላው የመሪው አንገት፣ ማለትም መሪውን ከሳይክሉ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ነው። 90 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ50 ቀየርነው። መሪው 4 ሴንቲ ወደ እሷ ቀረበ፣ የመዳፏ መደንዘዝ ጠፋ፣ ወገቧም ቀለላት። ርካሽ ዕቃ ናት፣ ጥቅሟ ግን ከዋጋዋ ጋር አይገናኝም።

የኮርቻውን ከፍታ ያገኘነው በተረከዝ ነው። ፔዳሉ ከታች ሲሆን ተረከዟን ፔዳሉ ላይ ስታደርግ እግሯ ቀጥ እስኪል ኮርቻው ወጣ። እንዲህ ሲሆን በእግር ጣቶቿ አካባቢ ስትረግጥ ጉልበቷ በትንሹ ብቻ ይታጠፋል። መጀመሪያ ላይ ከፍ አለብኝ ብላ ፈርታ ነበር። ስትቆም ከኮርቻው ወደ ፊት ወርዶ በሁለት እግር መቆምን ስትለምድ ፍርሃቱ ለቀቃት፤ አግዳሚው ዝቅ ያለ ስለሆነ ይህን ማድረግ ትችላለች፣ በወንድሟ ሳይክል አይታሰብም ነበር።

የፍሬን እጀታውን ነገር ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ማንም አይነግራቸውም። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ፍሬን ሲይዝ እጀታውን በጣቱ ጫፍ ነው የሚደርስበት። በጣት ጫፍ ጉልበት የለም። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ፍርሃት ይመጣል፣ ሰውዬው ግን ፍሬኑ ደካማ ይመስለዋል። እጀታው ሥር፣ ከመሪው በኩል፣ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። በካቻቢቴ ወደ ውስጥ ሲያስገቧት እጀታው ወደ መሪው ይጠጋል። የባለጉዳይዋን እጀታ እንዲህ አድርገን፣ አመልካች ጣቷ ከመጀመሪያው አንጓ እስኪይዝ አቀረብነው፤ ከዚያ የፍሬኑን ሽቦ ትንሽ ስለሚያላላው መልሰን አጠበቅነው፣ እጀታው ተጨምቆ መሪውን እንዳይነካ። በካቻቢቴ የምታልቅ ሥራ ናት፣ ብር አልወጣባትም። ወደ ፒያሳ ስትወርድ መሪውን በፍርሃት አንቃ መያዟን ተወች።

የጎማ ንፋስም አለ። ጎሚስታ በኮምፕረሰር እንደ ድንጋይ አድርጎ ነው የሚሞላው። 48 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ያ ሁሉ ንፋስ አያስፈልግም፤ ኮብልስቶን ላይ እያነጠረ ነው የሚወስዳት። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ዝቅተኛው አካባቢ ስናደርገው ጉዞዋ ለሰለሰ፣ ጎማውም መንገዱን መንከስ ጀመረ። የካላማዳሪያው አፍ እንደ መኪናና ሞተር ያለው ወፍራሙ ዓይነት ስለሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላላታል። ቀጭን አፍ ያለው ቢሆን ኖሮ አስቸጋሪ ነበር።

ያልሠራው

የፊቱን ሹካ፣ ማለትም የፊት ጎማውን የሚይዘውን ክፍል፣ መቀየር አልሠራም። ከፊት ያለው ሞላ የተሠራው ከእሷ በጣም ለሚከብድ ሰው ነው፤ በሙሉ ክብደቷ ስትጫነው አንድ ሴንቲ እንኳ አይወርድም። እሷን የማያገለግል 2 ኪሎ ተኩል ብረት ተሸክማ መዞሯ አሳዘነኝ። ሞላ የሌለው ቀላል ሹካ አግኝተን ገጠምን። ከአንድ ኪሎ በላይ ቀለለ። ግን አዲሱ ሹካ ከድሮው አጭር ስለሆነ የሳይክሉ ፊት ወደ ታች ወረደ፣ መሪው በትንሽ ነገር የሚደነብር ሆነ፣ ፔዳሉም ድንጋይ መንካት ጀመረ። ቁልቁለት ላይ ስጋት ስለሆነባት የድሮውን መለስን፣ የሞላውን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አላላን፣ ትንሽ ረዳት። ፍሬሙ ለረጅም ሹካ ከተሠራ አጭር ሹካ አይቀበልም። ሞላ የማይፈልግ ሰው ከፋብሪካው ያለ ሞላ የወጣ ሳይክል ቢፈልግ ነው የሚሻለው።

የፔዳሉ ክንድም አልተፈታም። ክንዱ 170 ሚሊ ሜትር ነው፣ ብዙ ሳይክል የሚመጣበት ልክ። ለ68 ሴንቲ እግር ይረዝማል፤ ፔዳሉ ከላይ ሲደርስ ጉልበቷ ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ረጅም ዳገት ላይ ይሰማታል። ከልጅ ሳይክል ላይ 152 ሚሊ ሜትር ክንድ አግኝተን ነበር። ነገር ግን ከጥርሱ ጋር ተበይዶ የመጣ አንድ ትልቅ ጥርስ ብቻ ያለው ነው፣ እሱን ብንገጥም ትንሹን 24 ጥርስ እናጣለን። ማርሹ ይበልጣል ብለን ተውነው። 160 አካባቢ የሆነ ባለ 3 ጥርስ ክንድ እስካሁን እየፈለግን ነው።

ደሴን ከኮምቦልቻ የሚያገናኘውን የሀረጎ ቁልቁለት በሳይክል መውረድም አይመከርም ብለን ተስማምተናል። ፍሬኑ አሁን ጥሩ ነው፣ ችግሩ ከባድ መኪናውና ጉሙ ነው። ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ትጭናለች፣ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ትነዳለች።

ክብደት መቼ ነው የሚጠቅመው

ክብደት ጥቅም የለውም እያልኩ እንዳይመስል። የ3.2 ኪሎው ልዩነት በደንብ የታወቀባት ሁለት ቦታ ነው፤ የድንጋይ ደረጃው ላይና ሳይክሉን ለሚኒባሱ ረዳት ስታቀብል። ድሮ ጎረቤት ጠርታ ነበር የምታወጣው፣ አሁን ብቻዋን ታነሳዋለች።  ሲነዳ ግን የሚያቀልለው ልኩና ማርሹ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳይለይ «ቀላል» ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ ብዙ ብር ከፍሎ ሁለት ኪሎ ያስቀንስና ዳገቱ ላይ ያው እየገፋ ይሄዳል።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

በቁመት ብቻ አይገዛም። አንድ ዓይነት ቁመት ያላቸው ሁለት ሴቶች የውስጥ እግር ልካቸው በብዙ ሊለያይ ይችላል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ የሳይክሉን አግዳሚ እግር በሚያርፍበት ቦታ ራሳችሁ ለኩ። ፍሬሙ ላይ የተጻፈው ኢንች አምራቾቹ በተለያየ መንገድ ስለሚለኩት ሙሉ በሙሉ አይታመንም። 14 የተባለ ሳይክል አግዳሚው ቀጥ ያለ ከሆነ፣ አግዳሚው ከወረደ 15 ሊከፋ ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት የጥርሱን ቁጥር ቁጠሩ፣ ወይም ሻጩን አስቆጥሩ። ከኋላ ያለው ትልቁ ጥርስ ከፊት ካለው ትንሹ በቁጥር መብለጥ አለበት፣ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ለደሴ ይሻላል። «21 ማርሽ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ስለ ዳገት ምንም አይናገርም።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ብሩን በዚህ ቅደም ተከተል አውጡት፦ መጀመሪያ ልክ የሆነ ፍሬም፣ ያገለገለም ቢሆን። ቀጥሎ አዲስ የፍሬን ላስቲክና ሽቦ። ከዚያ የኋላ ጥርስ። ከዚያ አጭር የመሪ አንገት። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ብር ካለ ጎማው ላይ ይዋል፣ ቀለል ያለ ጎማ ልዩነቱ ቶሎ ይታወቃልና፤ ባለጉዳይዋም ቀጥላ የምትቀይረው እሱን ነው።